ሦስተኛው ከረጢት

ውድ ጋሼ ሙሉአለም፣

ጉባኤው እንዴት ይዞዎታል? ቃሊቲ ያው ነው። ከባድ መኪኖቹ የዘር መጋዘናችን በር ላይ ተደርድረዋል፣ አቧራው መስኮቴ ላይ ተኝቷል፣ እኔም የእርስዎን ወንበር ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምጽፈው። ባለፈው ስንደዋወል ድምፅዎን ስሰማ አሳዘኑኝና የልቤን ሳልናገር ዘጋሁት። በጽሑፍ ግን አያሳዝኑኝም።

የዛሬ ሰባት ዓመት ስቀጠር ናሙና መውሰድ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ከኩንታሉ አፍ ላይ ብቻ ዘግኜ ሳወጣ አይተው "ፌኒዬ፣ ይሄ እኮ ወጥ መቅመስ አይደለም" አሉኝ። ከላይም ከመሀልም ከታችም መውሰድን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ናሙናው ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ለገዢ፣ አንዱ ለሻጭ፣ ሦስተኛው ታሽጎ በእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ጠብ ከተነሣ የሚከፈተው እሱ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ የዘሩ ዓይነት፣ ቀኑና የናሙና ወሳጁ ስም በራሱ በወሳጁ እጅ የተጻፈበት ወረቀት ሳይገባ አይታሸግም። ረስቼ ባሸግሁ ቁጥር አስፈትተውኛል።

ስለ ዓለም አቀፉ የዘር ነጋዴዎች ማኅበርም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ እንኳ ባለ ክራቫቶች በዓመት አንዴ የሚገባበዙበት ይመስለኝ ነበር። ናይሮቢ ያለ ሰው አይቶት የማያውቀውን ዘር ከእኛ የሚገዛው ሁለታችንም የማኅበሩን ደንብ ስለምናከብር መሆኑን አስረዱኝ። ብንጣላም በየፍርድ ቤቱ ዓመታት አንንከራተትም፤ ዘር የሚያውቁ የማኅበሩ የግልግል ዳኞች ያዩልናል። ያኔ በሥራዬ ኮራሁ።

አምና የናይሮቢው ገዢ "የላካችሁልኝ ቦሎቄ አልበቀለም" ብሎ ማኅበሩ ዘንድ ከሰሰን። ዳኞቹ ሦስተኛው ከረጢት ወደ ገለልተኛ ላቦራቶሪ እንዲላክ፣ እኔም ማንም እንዳልነካው በፊርማዬ እንዳረጋግጥ አዘዙ። ፈረምኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ "ቁልፉን አንዴ አቀብዪኝ፣ ቆጠራ አለብኝ" ብለውኝ ሰጥቼዎት ነበር። ከረጢቱ የሚታሸግበት፣ ቁጥሬ ያለበት ማኅተምም እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ስፈርም ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ እርስዎን "ማንም" ከሚለው ውስጥ አልቆጠርኩዎትም።

ከናሙናው ከመቶ ዘጠና አራቱ በቀለ፣ ተፈረደልን። ማኅበሩም ጉዳዩን ያቀረቡበትን መንገድ አይቶ እርስዎን ከግልግል ዳኞቹ አንዱ አድርጎ መረጠ። ለጉባኤው ሲሄዱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝቼዎት፣ ሰው እስኪያየኝ ድረስ አልቅሻለሁ፣ በደስታ።

ባለፈው ሳምንት ላቦራቶሪው የተረፈውን ናሙና መለሰልን። ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁት። ስሜ ተጽፎበታል፣ የተጻፈው ግን በእርስዎ እጅ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያነበብኩት ጽሕፈት አይጠፋኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ከረጢቱን በደህና ዘር ሲቀይር ወረቀቱን ጭራሽ ይረሳው ነበር። እርስዎ ሲያጭበረብሩ እንኳ ደንቡን አልዘለሉትም። ወዲያው ደወልኩልዎት።

"ጋሼ፣ ወረቀቱ የእርስዎ ጽሕፈት ነው።"

"ብንሸነፍ እኮ መጋዘኑ ይዘጋ ነበር ፌኒዬ። ሻፊ ጥበቃው፣ ዘር ለቃሚዎቹ ሴቶች፣ አንቺ ራስሽ የት ትገቡ ነበር?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ አትፈርሚማ።"

ካደረጉት ሁሉ ልቤን የሰበረው ይሄ መልስዎ ነው። እንደማልዋሽ ያውቁ ነበር፣ ለዚያ ነው የመረጡኝ። ሰው ሁሉ ስለሚያምነኝ ውሸትዎን በእኔ አፍ ተናገሩት። ክደውኛል ጋሼ። አባቴን የምሰማውን ያህል እሰማዎት ስለነበር ንዴቱ ከሐፍረት ጋር ተደባልቆብኛል።

አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ገላን የእርሻ መሬት ሳለ፣ አባቴ አያና አንድ ዓመት የዘራው ሽምብራ ሳይበቅል ቀረ። በየጠዋቱ እየሄደ አፈሩን በጣቱ ጫር ጫር ያደርግ ነበር። ዘሩ የተበላሸ መሆኑን ማን ነግሮት፤ "ጥልቅ ቀብሬው ነው" እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር። ይህን ከእርስዎ በቀር ለማንም አላወራሁም። ያንን ከረጢት ሲቀይሩ፣ ኬንያ ውስጥ ስንት ሰው እንደዚያ አፈር ሲጭር እንደከረመ አላሰቡም?

ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ማመልከት የሚቻለው እስከ ዓርብ ነው። ዛሬ ጠዋት ለማኅበሩ ጻፍኩ። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት፣ ቁልፉን አሳልፌ መስጠቴንና ይህን ደብቄ መፈረሜን፣ ቀጥሎ የእርስዎን። የወረቀቱንም ፎቶ አያይዣለሁ። የናሙና ወሳጅነት ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ሻፊ ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል፤ ሥራው ቢቀር ያስቀረሁበት እኔ ነኝና። እርስዎ የፈሩት አልጠፋኝም። ግን ዳኛ ሆነው የሌላውን ሰው ከረጢት ሲያስከፍቱ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው የጻፍኩልዎት። ማኅበሩ "ሥራውን ማን አስተማረሽ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ስምዎን እጠራለሁ፣ በደንብ እንዳስተማሩኝም እናገራለሁ። እሱም እውነት ነው።

ፌኔት አያና
ናሙና ወሳጅ፣ ምናልባት እስከ ዓርብ