ለሟች ባለቤቴ «ናፍቀኸናል» ብሎ ለጻፈው የታሸገ ውኃ ድርጅት

ለተከበሩ የብራንድ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የድርጅትዎም አርማ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቅድስት እባላለሁ፤ ኡራኤል አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር «የሰፈር ሩጫ ስለ ደንበኛ ታማኝነት ምን ያስተምረናል?» በሚል ርእስ በሰጡት ሥልጠና ላይ መሥሪያ ቤቴ ልኮኝ፣ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጬ ስለ ሟቹ ባለቤቴ ስለ ባይሳ ሲናገሩ ሰምቻለሁና ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ባይሳ ዘጠና ስምንት ቅዳሜ ሳያቋርጥ መሮጡን በትልቅ ስክሪን ስላሳዩልን አመሰግናለሁ። «ይህ ሰው ለምርታችን የነበረውን ፍቅር ተመልከቱ» አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ስላመለጠዎት እንዲያርሙት በትሕትና እጠይቃለሁ። ባይሳ የስፖርት መምህር ነበር። የካዛንቺስ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጅብሪል ልጁን ከቀበረ በኋላ ከቤት መውጣት ትቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ባይሳ በሩን አንኳክቶ «ጅብሪል፣ ጫማህን አድርግ፤ እስከ ኡራኤል ደርሰን እንመለስ» አለው። ጅብሪልም ወጣ። ከዚያ ወዲያ ባይሳ ያልቀረው፣ እሱ አንድ ቅዳሜ ከቀረ ጅብሪል ዳግም አይወጣም ብሎ ስለ ፈራ ነው። ቆይቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተከተላቸው። ሰፈሩ ፈርሶ እኛና ጅብሪል ወደ ገላን፣ ሌላው ወደ አራብሳ ከተበተነ በኋላ እንኳ ሁለት ታክሲ እየያዙ ወደ ካዛንቺስ ይመጡ ነበር። እናንተ ቲሸርት፣ ባነርና የሯጮች መመዝገቢያ የስልክ መተግበሪያ ይዛችሁ የመጣችሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውኃውን በተመለከተ፣ ባይሳ የሚጠጣው ከቤት በኮዳ ይዞ የሚወጣውን የቧንቧ ውኃ ነበር።

ሁለተኛ፣ በኅዳር በኩላሊት ሕመም ሲያርፍ የአበባ ጉንጉን ስለላካችሁ አመሰግናለሁ። ከአርማችሁ ሥር ስሙን ለማንበብ መነጽር ያስፈልግ ነበር እንጂ አበባው ያምር ነበር። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ በሬን ያንኳኳው ጅብሪል ነው። እኔ ሮጬ አላውቅም፤ ግን ወጣሁ። ይህን ለሚቀጥለው ሥልጠናዎ በነጻ ሰጥቼዎታለሁ።

ሦስተኛው ስለ ስልኩ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይታገሡኝ። ለተማሪዎቹ የቀዳቸው ድምፆች ስላሉበት የባይሳን ስልክ ቻርጅ እያደረግሁ አኑሬዋለሁ። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ፊቴን እየታጠብሁ ሳለ ጮኸ። ፊቴን ሳላደርቅ ከፈትሁት። «ውድ ባይሳ፣ ናፍቀኸናል! ከሮጥህ መቶ አምስት ቀን ሆነህ። ወዴት ጠፋህ?» ይላል መተግበሪያችሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ለአንድ አፍታ፣ ክቡር ሆይ፣ እኔም ወዴት ጠፍቶ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ከዚያ «ሞቷል» ብዬ መለስሁ። ወዲያው «ለምላሽህ እናመሰግናለን! አምስት ነጥብ አግኝተሃል» የሚል መጣ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር ልቤ መጀመሪያ እሱ ነው ይላል፤ መሞቱን የሚያስታውሰው ቆይቶ ነው።

ደምበል አጠገብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሰቀላችሁት የባይሳ ፎቶ እንዲነሣልኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼም ነበር። ጸሐፊዎ ዐይኗን ሰብራ፣ ቀስ ብላ «እትዬ፣ ባለቤትዎ ፈርመዋል እኮ፤ ፎቶው ለአምስት ዓመት የእኛ ነው» አለችኝ። ትሕትናዋን ከማን እንደተማረችው አላውቅም።

በዓመታዊው ሩጫ ቀን ደግሞ ባይሳን በቁመቱ ልክ በካርቶን ሠርታችሁ መጨረሻው መስመር ላይ አቆማችሁት። እጁን ዘርግቶ ይስቃል። ሰው ተሰልፎ አብሮት ፎቶ ይነሣል። እኔ ራቅ ብዬ ቆምሁ። ጅብሪል ግን ሰልፉን አልፎ ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ፤ ከዚያ ከወገቡ አቅፎ አነሣው። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ «ጋሼ፣ የድርጅቱ ንብረት ነው!» አለው።

«ጓደኛዬ ነው» አለ ጅብሪል፣ መንገዱንም ቀጠለ።

ጅብሪል ካርቶኑን ወደ ቤቴ አምጥቶት ለሦስት ቀን ሳሎናችን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስገባ «እንዴት ዋልህ?» ስለው ራሴን ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ለራት ሁለት ሳህን አቅርቤ ነበር። ከቤት መውጣት እንዳለበት ያኔ ገባኝ። በማግስቱም ንብረታችሁ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመለስ የሚያዝ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ፤ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ።

ለአርማዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ከደንበኞችዎ ዝርዝር ገና ያልተሠረዘው የአቶ ባይሳ ሚስት፣
ቅድስት

ማሳሰቢያ፦ ካርቶኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ቲሸርቱ፣ አርማው፣ መፈክሩ ሁሉም በቦታው አለ። ፊቱን ብቻ ጅብሪል በልብስ መቀሱ ቆርጦ አስቀርቶልናል። ቀዳዳው የእርስዎን ፊት በደንብ ያስገባል።