በሽምግልና የተሠራች ጀልባ

ሰኞ

ሣር ነው ያዋረደኝ። ጀልባዋን በአይሱዙ ጭነን ቦዮ ሐይቅ ድረስ ወስደናት፣ ሸራው ገና ነፋስ ሳይዝ መሪው በውሃ ሣር ተተብትቦ ቀጥ አለች። ገፋ ስናደርጋት ደግሞ መሪው ጭቃ ውስጥ ተሰካ። ዳር ላይ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ቆመው ያዩናል። አንዱ፣ "እህቴ፣ ማረሻ ነው እንዴ ያሰርሽባት?" አለኝ። ማቴዎስ ከት ብሎ ሳቀ። የእናቴ ልጅ ባይሆን ገፍትሬ እጥለው ነበር። ዋና አይችልም።

ለማን ልናገር? ባወራው ሐሜት ነው። እዚህ ይቀመጥ።

አባባ ከሞተ ወዲህ ወርክሾፑን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ በሕይወት እያለም መላጊያ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ማቴዎስን ሰጋቱራ ያስነጥሰዋል። አሁን ግን የአባት ቦታ የወንድ ልጅ ነው ተባለ። ሕጉ እንደዚያ አይልም፣ ሰዉ ይላል። ማቴዎስ ዱራሜ የሞባይል ሱቅ አለው። ሁለተኛውን እዚህ ሆሳዕና ሊከፍት ፈለገ፣ ያውም በአባባ ወርክሾፕ ላይ። "ታዱ፣ ሰው አሁን ያለቀለት ሶፋ ተጭኖ ይመጣለታል፤ ቁም ሳጥን ማን ያሠራል?" ይለኛል። የሚያናድደኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

ወንድምን ፍርድ ቤት ማቆም ነውር ስለሆነ ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔም ቁም ሳጥን ከቀረ ጀልባ እሠራለሁ አልኩ። ሀዋሳ ውስጥ ጠረጴዛ የሠራሁለት ሎጅ በሸራ የሚሄዱ ትንንሽ የእሽቅድምድም ጀልባዎች ማሠራት ይፈልጋል። ቅዳሜ ሠሪዎችን በገዛ ጀልባቸው ሊያወዳድር ነው፤ እስከ ሦስተኛ ለወጣ ሥራ ይሰጣል። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ፈረዱ። እስከ ሦስተኛ ከወጣሁ ወርክሾፑ የእኔ፣ ካልወጣሁ የማቴዎስ።

እዚህ ላይ ቢያበቁ ምን ነበረበት። አስታራቂ ናቸውና ሰብሳቢው አቶ ኤርጫፎ ጨመሩበት፦ "ልጆቼ፣ አብራችሁ ሥሩ፣ አብራችሁም ተሳፈሩ። ውሃው ላይ ትታረቃላችሁ።" ማንም ቅር እንዳይለው ደግሞ የጀልባዋ ቀፎ፣ አካሏ ማለት ነው፣ በማቴዎስ ምርጫ ይሁን፣ መሪው በእኔ። እንደ ቅርጫ ሥጋ ጀልባ አካፈሉን። እኔ ስሸነፍ የሚያተርፈው ሰው እኔው ጀልባ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህን ያልኩ ጊዜ "ክፉ አታስቢ" ተባልኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ ማንንም ማናገር አልፈለግኩም። ኮላ እየቀባሁ ዋልኩ።

ይህ ቀፎ ያቃጥለኛል። እኔ ጠባብ፣ አፍንጫዋ ስል፣ ውሃውን ሰንጥቃ የምታልፍ ፈልጌ ነበር። እሱ "እንዳትገለበጥ" እያለ እንደ ገበታ አሰፋት። ኮምፔንሳቶውን የቆረጥኩት እኔ፣ በሽቦ የሰፋሁት እኔ፣ ስፌቱን በኮላና በእንሰት ቃጫ የደፈንኩት እኔ። እሱ እየመጣ "ትንሽ ሰፋ አድርጊው" ብሎ ይመለሳል።

ሰፊ ጀልባ ቆማ ስትታይ ታስተማምናለች። ጣጣው ነፋስ ሲያጋድላት ነው። አንዱ ጎኗ ሲነሳ፣ ከኋላዋ መሃል ላይ የተሰካው መሪም አብሮ ከውሃ ይነሳል፤ ከውሃ የወጣ መሪ ደግሞ ከእንጨት አይሻልም። ለዚህ ነው የመሪውን ክንፍ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ሳንቃ ማለቴ ነው፣ ያስረዘምኩት። ከዋንዛ ሠራሁት። ፊቱ እንደ እንቁላል ጫፍ ክብ፣ ጀርባው እየሳሳ ሄዶ እንደ ቢላ የሚያልቅ፣ ውሃው ሳይረበሽ በሁለት ጎኑ አልፎ ከኋላው እንዲገጥም። በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ስንት ቀን እንደዋልኩ እኔ አውቃለሁ። ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ የሚያምር የለም።

እሱን ነው የቦዮ ሣር ማረሻ ያስባለብኝ።

ረቡዕ

ቆረጥኩት። ሞርሳ ላይ አሰርኩና ሲሶውን ያህል በመጋዝ አወረድኩለት፣ ጫፉንም እንደገና ሞረድኩ።

ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው ለሰው ይነገራል። ሀዋሳም ዳሩ ላይ ቄጠማ አለው፤ ቦዮ ላይ የሆንኩትን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሆን አልፈልግም። ሁለተኛው ለሰው አይነገርም። አጭር መሪ የሚበቃው ጀልባዋ ሳትጋደል ስትሄድ ብቻ ነው። እንዳትጋደል ማቴዎስ በነፋሱ በኩል ጠርዙ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወለሉ ላይ በታሰረው ቀበቶ ውስጥ አስገብቶ፣ ከወገቡ በላይ ውጭ ውሃው ላይ መንጠልጠል አለበት። ከተንጠለጠለ በዚያ ኪሎው ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። ፈርቶም ይሁን አስቦበት መሃል ላይ ኩርምት ካለ ግን መሪው ወዲያው ይከዳናል፣ ጥፋቱም ፍጥጥ ብሎ ይታያል። በረጅም መሪ ብሸነፍ ማን እንዳሸነፈኝ ተድበስብሶ ይቀራል። በአጭሩ መደበቂያ የለውም።

ደግ ሐሳብ አይደለም። ደግነት እስካሁን ምን አተረፈልኝ?

ሐሙስ

ማቴዎስ ከዱራሜ መጣ፣ አቮካዶ በከረጢት ይዞ። "ትወጃለሽ ብዬ" አለ። እዚያ አስቀምጠው አልኩት።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እግሩን በቀበቶ ይዤ፣ ወደ ኋላ መንጠልጠል አስተማርኩት። ላብ አጠመቀው። ከሥሩ ሰጋቱራ እንጂ ውሃ የለም፤ እንዲህ ከሆነ እዚያ ምን ሊሆን ነው።

"ሐይቁ ጥልቅ ነው?"

"ጥልቅ ነው።"

"የመንሳፈፊያ ሰደርያው ግን ያንሳፍፋል አይደል?"

"ሰው ያንሳፍፋል፤ የአንተን እንጃ።"

እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። ከሄደ በኋላ አቮካዶውን ቆርጬ በላሁት። ጥሩ ነበር፤ ይኸም አናደደኝ።

ዓርብ

ሃላባ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ሰው መኪናውን ከበበ። "የከብት ማጠጫ ገንዳ ነው?" አሉ። ማቴዎስ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳና፣ "የእሽቅድምድም ጀልባ ናት፤ እህቴ ናት የሠራቻት" አላቸው፣ ደረቱን ነፍቶ። በሽማግሌ ፊት እንጨት ሥራ ሞቷል የሚል ሰው ሃላባ ላይ በእኔ ይኮራል። የትኛውን ልመን? ወሬ ማሳመሪያ ነው ብዬ ተውኩት።

ሀዋሳ ስንደርስ የሌሎቹን አየሁ። ከባሕር ዳር የመጡ አሉ፣ ከዝዋይ፣ ከአርባ ምንጭ። ቀፏቸው ጠበብ ያለ ነው። መሪያቸው ግን፣ የሁሉም፣ ረጅም። የዝዋዩ ሰውዬ ዕድሜው የገፋ ነው፤ የእኔን ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ልጄ፣ ለምን አሳጠርሽው? መነሻው እኮ ከቄጠማው ርቆ ነው፤ እዚያ ሣር የለም" አለኝ። እናውቃለን ብዬ መለስኩለት። አላውቅም ነበር። ለሰው የሚነገረው ምክንያቴ እዚያው ሞተ፤ የማይነገረው ብቻ ቀረኝ።

ማስረዘሚያ እንጨት ልፈልግ ከተማ ወጣሁ። ሱቁ ሁሉ እየዘጋ ነበር። ባገኝስ ኮላው በአንድ ሌሊት አይደርቅም።

ቅዳሜ

አምስተኛ።

ሐይቁ ላይ ቢጫ ጄሪካኖች በገመድ ተተክለዋል፤ እነሱን ሁለት ጊዜ መዞር ነው። በመጀመሪያው ዙር ነፋሱ ለስለስ ያለ ነበር። ነፋሱን ከኋላ አድርገን ስንመለስ ያ የተጠላ ሰፊ ቀፎ ብድግ ብሎ ውሃው ላይ ተንሸራተተ፤ ጠባቦቹን አንድ በአንድ አለፍናቸው። ሦስተኛ ሆንን። የማቴዎስ ቀፎ ነው ሦስተኛ ያደረገን። እጄ እየጻፈው ነው እንጂ አፌ አይለውም።

በሁለተኛው ዙር የከሰዓቱ ነፋስ ተነሳ። ጀልባዋ መጋደል ጀመረች፤ "ውጣ" ብዬ ጮህኩበት። ኩርምት ሲል ለማየት እየጠበቅኩ ነበር። እያየሁት፣ እየጠበቅኩት።

ወጣ። ከነሰውነቱ ወጣ። ጀርባው ውሃውን እስኪነካ ተንጠለጠለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሀዲይኛ ይጸልያል፤ እናታችን ስትደነግጥ የምትጸልየውን። ደግሜ "አሁንም" አልኩት፣ አሁንም ወጣ። ከዚህ በላይ የሚወጣ ሰው የለም። ጀልባዋ ግን ተጋደለች፤ ነፋሱ ከሁለታችንም በልጦ ነበር። ያኔ የመሪው እጀታ በእጄ ላይ ቀለለ። ብገፋው፣ ብስበው፣ የያዘው ነገር የለም። ክንፉ አየር ላይ ነው። ጀልባዋ በራሷ ወደ ነፋሱ ዞራ ቆመች፣ ሸራው ተርገበገበ፣ አንዱ አለፈን። ቀና አድርገናት ትንሽ ሄድን፣ እንደገና ያው ሆነ፣ ሌላው አለፈን። የቆረጥኩት ቢኖር ውሃ ውስጥ ይቀር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ዳር ስንደርስ ማቴዎስ አስመለሰው። አፉን በእጁ ጠርጎ፣ "ይቅርታ ታዱ፣ ከዚያ በላይ መውጣት አቃተኝ" አለኝ።

እውነቱን ልጻፈው፦ ቢከዳኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሌሞ፣ አቶ ኤርጫፎ ቤት ተሰበሰብን። በቅቤ የተሠራ የቡላ ምግብ፣ አተካና፣ ቀርቦ ነበር፤ አንድ ማንኪያ አልወረደልኝም። አምስተኛ መውጣታችንን በስልክ ሰምተዋል። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ የወርክሾፑን ቁልፍ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤ ነው የሄድኩት።

አቶ ኤርጫፎ፣ "እንግዲህ ውሃው ፈርዷል። ከመጨረሳችን በፊት የምትሉት ካለ" አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ማቴዎስ ተነሳ።

"አባቶቼ፣ ውሃው አልፈረደም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዋና አልችልም፣ ፈራሁ። ወጥቼ መንጠልጠል ሲገባኝ መሃል ላይ ቁጭ አልኩ፤ ስትጮህብኝም አልወጣሁም። እስከዚያ ድረስ ሦስተኛ ነበርን።"

ጆሮዬን አላመንኩም። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ያየን የለም፤ ከሆሳዕና አብሮን የሄደው ሹፌሩ ብቻ ነው፣ እሱም መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነበር። የምናውቀው ማቴዎስና እኔ ነን።

"ታደለች፣ እንዲህ ነው?" አሉኝ አቶ ኤርጫፎ።

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ገጠምኩት። ዝምታዬን ወንድሜን ላለማዋረድ ነው ብለው ወሰዱት፤ አንዱ ሽማግሌ ጭራሽ "ጨዋ ልጅ" አለኝ። ትንሽ ተንሾካሹከው ፈረዱ። ፈተናው ሳይፈተን እንደቀረ ይቆጠር፣ ሎጁ ከክረምት በኋላ ሲደግም ሌላ ሰው ይዤ ልሂድ፣ እስከዚያ ወርክሾፑ ከእጄ አይውጣ። ማቴዎስ ደግሞ እህቱን ስለበደለ እዚሁ ይቅርታ ይጠይቅ።

መጣና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። የእኔ ወንድም፣ ያን ሁሉ ሰውነት ይዞ። ሁሉም እኔን ያያሉ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ።

ሁሉም አሜን አሉ።

ደጅ ወጥተን ጋሪ ስንጠብቅ፣ "ለምን እንዲህ አደረግህ?" አልኩት። "ደክሞኛል ታዱ። አባባ ከሞተ ጀምሮ እንጣላለን። ቀበቶው ላይ ተንጠልጥዬ ብሞት አብረን የምናወራው የመጨረሻ ነገር የወርክሾፕ ግድግዳ ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ" አለኝ። ጋሪው ሲቃረብ ቀስ ብሎ፣ "መሪው ግን አጥሮ ነበር፣ አይደል?" አለ።

"አዎ።"

"ቦዮ ላይ ረጅም አልነበር? ለምን ቆረጥሽው?"

"ለሣሩ" አልኩት። አመነኝ።

ሰኞ

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ቆይቼ ወሰንኩ። ሄጄ ለአቶ ኤርጫፎ እናገራለሁ፤ ማቴዎስ ወጥቶ ነበር፣ የተሸነፍነው በእኔ መሪ ነው፣ መሪውን የቆረጥኩትም እሱን ለማጋለጥ ነው እላለሁ። ወርክሾፑም ይሂድ። በገዛ ሥራዬ የማላገኘውን ነገር ከእሱ እጅ በውሸት ተቀብዬ ልኖርበት ነው እንዴ?

ልብሴን ለበስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ወጣሁ። ወደ ሌሞ የሚወስደው መንገድ በወርክሾፑ በር በኩል ነው። በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማለች። "የወርክሾፑ ባለቤት አንቺ ነሽ? የልጄን አልጋ ላሠራ ነበር" አለችኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት፤ በሩን ከፈትኩላት።