የአባባ አንገት

ሰኞ
አባባ መድኃኒቱን አቁመውታል። ክኒናቸውን ትራስ ሥር አገኘሁት። መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ የእጢ ቲቢው ጭራሽ አበጠ፤ አንገታቸው ላይ ባቄላ ታህል የነበረችው ዛሬ እንቁላል አክላለች። አባባ ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምራሉ። ንፋስ መውጫ እኔ ቤት ያመጣኋቸው እንዲታከሙ ነበር። «መድኃኒቱ ካሳበጠ በሽታው ምን ሊሠራ ነው?» አሉኝ። ከእንግዲህ ጸበል ብቻ። በጸበል ላይ ክኒን አይዋጥም ባይ ናቸው።

ማክሰኞ
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ «ያጋጥማል፤ እንዳያቋርጡ፣ ይምጡና እንያቸው» አለች። ደስ አለኝ። የባዮሎጂ መምህር አይደለሁ፣ ይህን እኮ አስተምረዋለሁ! ጀርሙ ሲሞት ሴሎች ሳይቶካይን የሚባል መልእክተኛ ይልካሉ። ጥሪው የደረሰው ሴል ሁሉ ወደ እጢው ይጎርፋል። እጢውም ለመጣው ሁሉ ቦታ ሊያበጅ ይለጠጣል፤ የውስጥ ቅርጹ ይለወጣል። ማበጡ ብቻውን በሽታው ባሰበት አያሰኝም። ዛሬውኑ ለአባባ ማስረዳት፤ በቀላል አማርኛ።

ረቡዕ
ትናንት ማታ አበላሸሁት። መርዶ የሰማ ሰው ሲጎርፍ ቤቱ ስለማይበቃ ድንኳን ይጣል የለ፣ እጢውም እንደዚያ ነው አልኳቸው። «ድንኳን ከተጣለማ ሟቹ ማነው?» አሉኝ። ጀርሙ ነው ብል ማን ይስማኝ! የሠርግ ዳስ ብል ምን ነበረበት? ምላሴን ይቁረጠው። ዛሬ ወንድሜ ጋ ደውለው ስለ መገነዣ ሲያወሩ ሰማሁ።

ሐሙስ
አልዋጡም። ላብ፣ ድካም፣ እህል እንቢ። ክፍል ገብቼ ያንኑ ምዕራፍ አስተማርኩ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ጥሪው ባይቆምስ?» አለች። እጢው ይፈርጣል፣ ጠባሳ ይሆናል አልኩ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ጀርሙ ይለምደዋል፣ ከዚያ ወዲያ ማዳኑ ይከብዳል። ፈራሁ። አባባን ላጣቸው ነው።
ከሰዓት ለነፍስ አባታችን ደወልኩ። ክኒኑን እንዳይተዉ ይገዝቱልኝ አልኳቸው። «በአባትሽ ላይ ልጄ?» አሉ። አዎ አልኩ።

ዓርብ
ቄሱ ከቤተ ልሔም በሚኒባስ መጡ። «ጸበሉንም ይጠጡ፣ ክኒኑንም ይዋጡ። ቢተዉት ግን በእግዚአብሔር ስም ገዝቻለሁ!» አሉ። አባባ ግዝት አያፈርሱም። አንገታቸውን ደፉ። ማን እንዳስገዘታቸው ግን ገብቷቸዋል።
ነርሷም መጥታ አየቻቸው፤ ከነገ ይቀጥሉ አለች።

ቅዳሜ
ከጸበል መልስ ዋጡ። እብጠቱ ያው ነው፣ እንዲያውም ቆዳው ቀላ ብሏል። ይመርቁኝ እንደሆነ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።
«በይ ሂጂ፣ ትምህርት እንዳይረፍድብሽ» አሉኝ።
ቅዳሜ ትምህርት እንደሌለ ያውቃሉ።