እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበት ቀን

ይድረስ ለወንድምጋሼ አብዱልሰላም፣ ደሴ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድምጋሼ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከስፌት መኪናው ሳትነሳ ትውላለህ? እትዬ ዘምዘምስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዛሬ ደህና ነን የምልህ ለወጉ አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር ነበር። ስንደዋወል እማዬ አጠገቤ ስለምትሆን ዝም አልኩ። አሁን የሥራ ባልደረባዬ ምሥራች ወደ ደሴ ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ።

እማዬን ስትሮክ ከመታት ጀምሮ አምስት ወር ተኩል ገደማ ሥራ አልገባሁም። ቀኝ እጇ ስለደከመ አጎርሳታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ የሶላት ውዱእ እንኳ የማደርግላት እኔ ነበርኩ። ፈቃዴ ሊያልቅ ሲቃረብ ወይ ሥራዬን መተው፣ ወይ እሷን እኔ እንደምሠራበት ያለ የአረጋውያን ቤት ማስገባት ሆነ ምርጫዬ። አንተ ደግሞ እናቴን ለባዳ እንዳትሰጪ ብለኸኛል።

ቀን ቀን ብቻዋን ቤት መዋል ትችል እንደሆነ እንድታይ አንዲት ባለሙያ ተላከች። ኦኪውፔሽናል ቴራፒስት ይሏታል፤ በሽተኛ የዕለት ሥራውን በራሱ መሥራት እንዲለማመድ የምትረዳ ናት። ስሟ ሄቨን ነው፤ እዚሁ ውጭ አገር ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት። እኔ ሞኟ እንግዳ መጣ ብዬ ቤቱን አጸዳሁ፣ እማዬን አዲስ ሻርፕ አልብሼ ሶፋ ላይ አስቀመጥኳት። ሄቨን እማዬን ሻይ እንድታፈላ ስትጠይቃት እኔ ብድግ ብዬ አፈላሁ። ተነሽ ስትባል ብብቷን ይዤ አነሳኋት። ዕድሜዋን ስትጠየቅ እንኳ የመለስኩት እኔ ነኝ። እናት ስትለፋ ልጅ ቁጭ ብላ ታያለች እንዴ? ሄቨን የምትሞላውን ወረቀት አሻግሬ ሳየው ሁሉም ቦታ ላይ «ረዳት ያስፈልጋታል» ይላል። በገዛ እጄ ላስወስዳት ነበር።

እንባዬ መጣ። ሄቨን ግን «እማማን ገና አላየኋቸውም፣ ያየሁት አንቺን ነው። ሐሙስ ድጋሚ አሴስ አደርጋቸዋለሁ፣ ራሳቸው የሚችሉትን አያለሁ፣ አንቺ ጀስት ቁጭ በይ» አለችኝ። ስለ ሙያዋም አጫወተችኝ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን አልጋቸው ላይ እንዳሉ ሽመናና የእንጨት ሥራ ያሠሯቸው ነበር አሉ፤ እጅ ሥራ ሲያገኝ ይበረታል ብለው። ዛሬ ደግሞ በሽተኛው ራሱ የናፈቀው ሥራ የቱ እንደሆነ ይጠይቁታል። አንተ ልብስ ሰፊ ስለሆንክ ከእኔ ይልቅ ይገባሃል።

ሐሙስ መጥታ እማዬን በራስዎ ማድረግ የናፈቀዎት ምንድን ነው አለቻት። ወጥ መሥራት ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እማዬ አቀርቅራ ውዱእ አለች። ሰው እግሬን ሲያጥበኝ አፍራለሁ አለች። አራት ወር ሳጥባት ከምርቃት በቀር ከአፏ ሌላ ቃል አልሰማሁም ነበር። በጣም አዘንኩ።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መቀመጫና የግድግዳ መያዣ ተገጠመላት፣ ቀለል ያለች ማንቆርቆሪያም ተገዛላት። ስድስት ሳምንት ስትለማመድ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ከዚህ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። መጀመሪያ ውሃው ሁሉ ወለል ላይ ፈሰሰ። አንድ የልብስ ቁልፍ ለመቆለፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። በመጨረሻው ቀን ግን ሻዩን አፍልታ፣ ምድጃውን አጥፍታ፣ ለሄቨን ቀዳችላት። ብቻዋን መዋል ትችላለች ተብሎ ተጻፈ። ተመስገን፣ ከሸክም ተገላገልኩ። ሰኞ ሥራ ገባሁ፤ ልጄ አሪጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብራት ትሆናለች። ሥራ ቦታም ማንኪያ መያዝ የሚችሉትን ማጉረስ ትቻለሁ፣ ሰነፈች ካላሉኝ።

ባለፈው ጁምዓ ከመታጠቢያ ቤት የውሃ ድምፅ ሰማሁና በሩ ሥር ቆምኩ። እማዬ ከውስጥ ሆና፣ ሀጅራ እዚያ መቆምሽን አውቃለሁ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ አለችኝ። ድሮ ስትቆጣን የምናውቀው ድምፅ ነው ወንድምጋሼ።

እትዬ ዘምዘምን ሳምልኝ። ኸባብን አክስትህ ፈተናህን እንዴት አደረግኸው ትላለች በልልኝ። ለታናናሾቹም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። አሪጅ እጅ ትነሳለች። ከደብዳቤው ጋር ያለችውን ጥቅል ያሰረችው እማዬ ናት። ቋጠሮው ላላ ብሏል፤ እኔ አልነካሁትም።

እህትህ ሀጅራ
አቢዴል፣ ካልጋሪ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.