ማሽን ውስጥ የቀለጠው ጧፍ

ለልጄ ለውዳሴ፦

እንዴት ሰነበትሽ? ያ ደረቅ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? መልካሙስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። እዚህ ፍኖተ ሰላም ዝናቡ አላባራ ብሎ የግቢው ጭቃ ደጃፍ ደርሷል። ስልኩ ደኅና ነኝ ከማለቴ ስለሚቋረጥ፣ የሆነውን ከሥሩ ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ።

አዲስ አበባ አስገዝተሽ በላክሽልኝ የልብስ ማድረቂያ ላይ ጥፋት ደርሷል። ባለፈው ማርያም ዕለት፣ በሰላም እንድትመጪ ተስዬ ጧፍ አበራሁ። ግማሽ ሲደርስ አጠፋሁትና የቀረውን ራሷ መጥታ ታበራዋለች ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝናብ አበሰበሰኝ። ልብስ ሳይፈተሽ ማጠቢያ አይገባም እያልሁ ያሳደግሁሽ እኔ፣ ቋጠሮውን ሳልፈታ ነጠላውን ማሽኑ ውስጥ ከተትሁት። ስከፍተው ቤቱን የሰም ሽታ ሞላው።

ነጠላውስ ቀላል ነው፤ ወረቀት አልብሼ በካውያ ስተኩሰው ሰሙን ወረቀቱ ጠጣው። የማሽኑን ሆድ ግን በካውያ አይተኩሱት። ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤታችን ናዚፋ መጥታ አየችና፣ እትዬ ንግሥቴ ማሽኑንም ቤተ ክርስቲያን አሳለሙት እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። በቢላ እንፋቀው ስትል ተቆጣኋት፤ ብረቱ ከተቧጨረ ልብስ ይቦጭቃል። እንግዲያው ለውዳሴ ይንገሯት፣ ሌላ ትልክልዎታለች አለች። ማሽንማ ይላካል አልኋት። ገብቷት ቢላውን መልሳ አስቀመጠች።

ባዶውን ጥቂት አሙቄ ሶኬቱን ነቀልሁ፤ የለሰለሰውንም ሰም በፕላስቲክ ማንኪያ ጠርዝ ፋቅሁት። ቀጥሎ ሙቅ ውኃና ሳሙና በነካ ጨርቅ ወለወልሁት። በመጨረሻም አሮጌ ፎጣዎች ጨምሬ ሳዞረው የቀረውን ይዘውት ወጡ። መብራት በመካከሉ እየጠፋ ሰሙ ሲረጋብኝ እንደገና እጀምር ነበር።

ባዶውን ሲዞር አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ድምፁ በወዲያኛው ክፍል ሰው ያለ ያስመስላል። ከጸዳ በኋላም አንዳንድ ቀን ልብስ ሳይኖረው አስነሣዋለሁ፤ መብራት ታባክኛለሽ ብለሽ እንዳትቆጪኝ።

የፋቅሁትን ሰም አልጣልሁትም። አለስልሼ በአዲስ የጥጥ ፈትል ላይ ጠቀለልሁት። እንደ ፊተኛው ቀጥ አላለም፤ የነጠላ ብናኝ ገብቶበት መልኩ አመድማ ሆኗል፤ አጭርም ነው። ይብራ አይብራ አልሞከርሁትም፤ እሱ የአንቺ ድርሻ ነው። አምና ለመስቀል እንመጣለን ብለሽ ሳይሆን መቅረቱን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው።

ለመልካሙ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከባድ ነገር አያንሣ። ቂርቆስን ግንባሩን ሳሚልኝ። እህተ ማርያም ይህን ደብዳቤ ራሷ ታንብብልሽ፤ ስትሳሳት አርሚያት እንጂ አትንጠቂያት። ናዚፋም እጅ ነሥታለች።

ጧፉ በራስጌዬ ባለው የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ስትመጪ እኔን ካጣሽኝ ናዚፋ ታሳይሻለች።

እናትሽ ንግሥቴ
ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 27 ቀን 2014 ዓ.ም.