ሦስት መስመር ስለ እኔ

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። "እማዬ፣ ታሪኩ ካስከፋሽ ሳይወጣ ላስቀረው" ያልሽበት ደብዳቤ ዛሬ ደረሰኝ። ዘግይተሻል፣ የኔ እመቤት! ትናንት ወጣ። ሰው ጠርቼ ያስነበብኩትም እኔው ነኝ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ መጽሔታችን በየሳምንቱ ለአንባቢዎቹ በኢሜይል በሚልከው መልእክት ላይ፣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ሦስት መስመር መጋበዣ እጽፋለሁ። አለቃዬ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ከክፍሉ አንድ ሰው "ከዚያስ?" ካላለ ቦታው ቅርጫት ነው። በጀመርኩ ሰሞን የአንድ የወንጀል ታሪክ መጋበዣ ላይ ገዳዩን ከነስሙ ጽፌ አረፍኩት። የሒሳብ ሠራተኛዋ "ኧረ እትዬ፣ ለእኛ ምን አስቀሩልን?" ስትል ቢሮው በሳቅ አውካካ። አሁንማ እጄ ተፍታቷል።

ሰኞ ያንቺ ተራ ደረሰ። ልጄ መሆንሽን ማንም አያውቅም ነበር። ታሪክሽ ውስጥ ባሏን ቀብራ እንባ ያላወጣች እናት፣ ይህን ያልረሳች ልጅ አሉ። አንብቤ ስጨርስ ከፋኝ፤ አልዋሽሽም። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ባሏ ሲቀበር አላለቀሰችም። ጎረቤቱ ሁሉ አማት። ልጇ ግን እስከ ዛሬ ያልጠየቀቻት አንድ ጥያቄ አላት።"

አለቃዬ አንብባ ስትጨርስ "ከዚያስ?" ያለው ማን ይመስልሻል? ጥግ ይዞ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው ሾፌራችን!

ዛሬ ጠዋት ሲታይ ያንቺን ያህል የተነበበ ጽሑፍ የለም። አለቃዬም "ይቺን ልጅ ከየትም ፈልጋችሁ አምጡልኝ" አለች። አፌን መያዝ አቃተኝ፤ "የኔ ልጅ ናት!" አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሴትየዋ እኔ መሆኔ ያኔ ገባቸው። ይግባቸው! እንዲህ የምትጽፍ ልጅ ወልጄ ልደበቅ እንዴ? ቀኑን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የዋልኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። እናትየዋ ከቀብር ስትመለስ መታጠቢያ ቤቱን ዘግታ፣ ውሃውን ለቃ፣ እስኪመሽ ልብስ ስታጥብ ዋለች ብለሻል። ያን ቀን የሚታጠብ ልብስ አልነበረም።

ግን እንዳትነኪው፤ እንደጻፍሽው ይቆይ። እጅሽ አይዛል፣ ቃል አይጠርብሽ፤ ከምትሄጂበት ሁሉ በጎ ሰው ይግጠምሽ።

ያቺው የታሪክሽ ሴትዮ፣
እናትሽ