ያልተነሱት ጠጠሮች

አዲስ ከተማ፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ውድ ሙናዊር፣

ጥፋተኛው አንተ ነህ። ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ልጅህ ሀፍሷም አይደለችም፤ አንተ ነህ። ትናንት ጋሼ አስናቀውን ሽማግሌ አድርገህ ልከህ "የግራውንዱን ሱቅ እሷ ትውሰድ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ" ብለሃል። መልስ ይገባሃል፤ በሰው አፍ ልልከው ግን አልፈለግኩም። ፊደል የለየሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ቢሆንም የምለውን ለመጻፍ ይበቃኛል።

ሸማ ተራ ጎን ለጎን ስንነግድ፣ እኔ ጋቢና ነጠላ፣ አንተ ከቻይና፣ ከጓንዡ የምታመጣውን ክርና ዚፕ፣ መሃላችን አንድ ቆርቆሮ ነበር። ባሌ ሲሞት የለቅሶውን ድንኳን ከተከሉት አንዱ አንተ ነህ። ወደ ሱቄ ስመለስ የተራው ሰው እያየኝ ከንፈሩን ሲመጥ፣ አንተ ያንን ጎ የሚባለውን ጨዋታ ይዘህ መጣህና ሰሌዳውን ባንኮኒዬ ላይ ዘርግተህ "እትዬ ታንጉት፣ ጥቁሩን ነው ነጩን?" አልከኝ። ጥቁሩንስ ለብሼዋለሁ፣ ነጩን ስጠኝ አልኩህ። ከሐዘኑ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ጓንዡ ባረፍክበት ቤት አንድ ኮሪያዊ ነጋዴ እንዳስተማረህ ነገርከኝ። በየተራ ጠጠር መስመሩ ላይ እያስቀመጡ ባዶ ቦታ ማጠር ነው፤ ዙሪያውን የተከበበ ጠጠር ይነሳል። መጨረሻ ላይ የሚቆጠረው ያጠርነው ባዶ ቦታ ነው። በገዛ አጥርህ ውስጥ በከንቱ ጠጠር ከጨመርክ ቤትህን ታጠባለህ። ስለዚህ ሁለታችንም "አልፌያለሁ" ብለን እጃችንን ስንሰበስብ፣ አንተ በእኔ አጥር ውስጥ ገብተው መውጫ ያጡትን ጠጠሮችህን ታያለህ፤ ከዚያ "እነዚህ ሞተዋል እትዬ" ብለህ በራስህ እጅ ታነሳቸዋለህ። እኔም የኔን አነሳለሁ። ጠጠሩ እየጠፋ በኮት ቁልፍ እስክንተካው ድረስ ስንጫወት፣ የትኛው ሞቷል የትኛው አልሞተም ብለን አንድም ቀን አልተጣላንም። ሳሸንፍህ "እንዲህ በገበያ ላይ ቢጨክኑ ይሄኔ ሕንፃ ነበረዎት" ትለኝ ነበር።

ሕንፃው ከሚሊኒየሙ በኋላ መጣ። ተራችን በአክሲዮን ሆኖ ፎቅ ሠራ፤ ሱቅ ሲደለደል ለእኔና ለአንተ ሁለት ቀሩ፤ አንዱ ግራውንድ ላይ መንገዱን የሚያይ፣ አንዱ ሦስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ። ነጠላ ፍለጋ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ገበያተኛ እንደሌለ፣ ጉልበቴም ደረጃ እንደማይችል ታውቃለህ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ አስናቀው ዕጣ እናውጣ ሲል አንተ ሳቅክና "እኔና እትዬ በጨዋታችን እንጨርሰዋለን" አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እሺ አልኩ። ከዕጣ ይልቅ አንተን አምን ነበርና።

ተመሳጥረው ተሰጣጡት እንዳይባል ኮምፒውተር ይዳኘን ያልከውም አንተ ነህ። ሀፍሷ ለትምህርቷ በገዛችው ኮምፒውተር ውስጥ ጎ የሚጫወት ፕሮግራም ነበር፤ ማታ ማታ ከእሱ ጋር እንደምትጫወት አውርተኸኛል። ያን ቀን ግን ተጫዋቾቹ እኔና አንተ ነበርን፤ እሱ ሰሌዳችንና ቆጣሪያችን። ሀፍሷ ጣቴን ያሳረፍኩበት ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። ተራው በሙሉ ሱቅህ ውስጥ ታጭቆ ነበር።

ጥሩ ተጫወትኩ። ቀኝ ጥግ ላይ አጥሬን ዘለው የገቡት ጥቁሮችህ መተንፈሻ ካጡ ቆይተው ነበር። እንደ ልማዳችን ቤቴን ላለማጥበብ ተውኳቸውና "አልፌያለሁ" አልኩ። አንተም ፈጠን ብለህ አለፍክ። ፊትህን አየሁ፤ እንደ ሁልጊዜው "እነዚህ ሞተዋል" ልትል ነው ብዬ።

ኮምፒውተሩ ቆጠረ። ሀፍሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጥቁር አሸነፈ አለች። ጣሰው ዚፕ ሻጩ አላስቻለውም፤ "እትዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ለሰማይ ይቀርባል፤ ጸሎትዎ ቶሎ ይደርሳል" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አንተን ነበር የማየው።

"ሙናዊር፣ እነዚህ የሞቱ አይደሉም?" አልኩህ።

"እንግዲህ ማሽኑ ነው የቆጠረው፣ እትዬ" አልክ። ከኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ዓይንህን አላነሳህም።

በሳምንቱ ሀፍሷ ቤቴ መጣች። ሰው አልላከችም፣ ራሷ ናት የመጣችው። ፕሮግራሙ ሙት አያውቅም አለችኝ። ቆሞ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ ሕያው ብሎ ይቆጥራል፤ ጥቂት ጠጠር ጨምሬ ጥቁሮቹን ከብቤ ባስነሳቸው ኖሮ ጥጉ በሙሉ የኔ ይሆን ነበር። በእሱ አቆጣጠር ጠጠሩም ባዶው ቦታም አብሮ ስለሚቆጠር ቤትህ ውስጥ ብትጨምር ምንም አይጎድልብህም።

ታዲያ የሠሩት ሰዎች ሙቱን ከሕያው መለየት ለምን አላስተማሩትም አልኳት። ከባድ ስለሆነ ነው አለች። ሰው አይቶ ያውቃል፤ ማሽን ግን አንድ ጠጠር መሞቱን የሚያረጋግጠው እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ሲያነሳው ነው። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ያን ልሞክር ሲል የራሱን ቤት እየሞላ ይከስራል። ስለዚህ ማንም ማንንም መጠየቅ የማያስፈልገው አቆጣጠር ሰጡት።

በዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ፤ ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለማረፍ ስለምቆም ለማሰብ ጊዜ አለኝ። የእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰው ካልተስማማ አይሠራም። ሙት መሆናቸው ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም፤ ባለቤቱ ነው የሚናገረው። ማሽኑ የማይችለው ይህን ነው፣ አልፈርድበትም። የማያውቀውን አላውቅም ብሎ የቆመውን ሁሉ ቆጠረ። አንተ ግን ታውቅ ነበር።

"አባትሽ ፕሮግራሙ እንዲህ እንደሆነ ያውቃል?" ብዬ ሀፍሷን ጠየቅኳት።

"መጀመሪያ መጀመሪያ ማሽኑ እሱንም በዚሁ ነበር የሚያሸንፈው" አለች። "አሁንማ አባቴ የሞተውን ጠጠር አንድ ሳያስቀር ለቃቅሞ ነው የሚያልፈው።" ይህን ተናግራ አለቀሰች። ልጅህን አትቆጣት፤ ከቤትህ የወጣ እውነተኛ ቃል የእሷ ብቻ ነው።

ሱቁን አልቀበልህም። እልህ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ገበያዬ ግማሽ ሆኗል፣ ጉልበቴም ያብጣል። ግን እኔ ያጣሁት ሱቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋሼ አስናቀው ቁልፉን ይዞልኝ ሲመጣ ይበቃኝ ነበር። ዝም ያልከው በተራው ሰው ሁሉ ፊት ነው፤ ሽማግሌ ተክቶህ ሊናገርልህ አይችልም።

ጠዋት ወደ ደረጃው ስሄድ የማልፈው በአንተ በር ነው። ዓመት ሙሉ እዚያ ስደርስ ነጠላዬን የማስተካክል መስዬ ቀስ እል ነበር፤ ምናልባት ወጥተህ ትናገር ይሆናል ብዬ። አንተም ታየኝ ነበር፤ ማየትህን አይቻለሁ። ከነገ ጀምሮ በርህ ጋ ስደርስ ቀስ አልልም።

ታንጉት